ዘፋኝ የሌለው ሄቪ ባንድ ኮንሰርት ላይ ድንገት ሲያጋጥማችሁ፦ እንዴት እንደምትሰሙትና ስሙን ይዛችሁ እንደምትወጡ

ለሌላ ባንድ ብላችሁ ቲኬት ቆርጣችሁ ትገባላችሁ፣ ከዋናው ባንድ በፊት ግን ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁት ሦስት አራት ሰዎች ስቴጅ ላይ ይወጣሉ፣ መሀል ላይ ማይክ የለም፣ እንዴት አመሻችሁ የሚል የለም፣ ጊታሩ ይጀምራል በቃ። ትንሽ ቆይቶ ደረታችሁ ድረስ የሚገባ ነገር እየሰማችሁ ነው፣ ግን እነማን እንደሆኑ፣ አንዱ ትራክ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አታውቁም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያመልጠዋል። አንደኛ፣ የሚከተለው ግጥም ስለሌለ ሀሳቡ ይበተንና ስልኩን ያወጣል። ሁለተኛ፣ በጣም ወዶት እንኳን ስሙን ሳይዝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ግጥም ያለው ዘፈን ቢሆን ትዝ ያላችሁን አንድ መስመር ጎግል ላይ ጽፋችሁ ታገኙታላችሁ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ግን ምን ብላችሁ ትፈልጉታላችሁ? በዛው ምሽት ካልያዛችሁት አለቀ። እኔ እንደዚ አይነት ባንዶችን በጣም ነው የምወደው፣ አብዛኞቹንም ያወቅኳቸው በሪኮርድ ሳይሆን በላይቭ ነው፣ ስለዚ የሚሠራውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፍላችሁ።

1. ከመሄዳችሁ በፊት የሁሉንም ባንድ ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉ

ፖስተሩ ላይ ከታች በትንሹ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ባንድ ነው። ስሞቹን በቅደም ተከተል ኖት ላይ ጻፏቸው፣ ወይ ፖስተሩን ስክሪንሾት አድርጉት። ቀላል ነገር ይመስላል ግን ዘፋኝ የሌለው ባንድ ብዙ ጊዜ ስሙን አይናገርም፣ አንዳንዶቹ ስቴጅ ላይ ለመናገሪያ የሚሆን አንድ ማይክ እንኳን የላቸውም፣ ጨርሰው እጃቸውን አውለብልበው ይወርዳሉ። ቅደም ተከተሉ ካላችሁ ቢያንስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ትገምታላችሁ።

ቀድማችሁ ሰምታችሁ ሂዱ የሚሉ አሉ፣ እኔ ለመክፈቻ ባንዶች አልመክርም። ሄቪ ኢንስትሩመንታል በስልክ ስፒከር ሲሰማ ግማሹ የለም፣ እና ያንን ግማሽ ሰምታችሁ አይ ይሄ አይመቸኝም ብላችሁ አርፍዳችሁ ትመጣላችሁ። በር ሲከፈት ግቡ፣ ጆሯችሁን ባዶ አድርጋችሁ ግቡ።

2. ኢርፕላግ

ጆሮ ውስጥ የሚገባው የድምፅ መከላከያ ማለት ነው። ይሄ የግድ ነው፣ ያለሱ አትግቡ። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ያስቀመጠው መለኪያ 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ ከዛ በላይ በየ3 ዲሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት 100 ዲሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሄቪ ኮንሰርት ደሞ 100ን በቀላሉ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለኮንሰርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ ላይም በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዲሲቤል እንዳያልፍ ይላል። አንድ ባንድ ብቻውን 40 ደቂቃ ይጫወታል፣ እናንተ ደሞ ሦስት ባንድ ልትሰሙ ነው የገባችሁት።

ሁለት አይነት አለ። የስፖንጁ ርካሽ ነው፣ በደንብ ይከላከላል፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ (ሲምባሉን፣ የጊታሩን ጫፍ) ከወፍራሙ የበለጠ ስለሚቆርጠው ሙዚቃው ይታፈናል። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው ፊልተር ያለው ኢርፕላግ ግን ሁሉንም በተቀራራቢ መጠን ነው የሚቀንሰው፣ ድምፁ ያው ሆኖ ዝቅ ያለ ይሆናል። ኮንሰርት የምታዘወትሩ ከሆነ ሁለተኛውን ግዙ፣ የስፖንጁን ደሞ ለመጠባበቂያ ኪሳችሁ ውስጥ ጣሉ።

የስፖንጁን ብዙ ሰው በትክክል አያስገባውም፣ ጆሮው አፍ ላይ ለጥፎት ነው የሚቆመው። እንዲህ ነው፦ በንጹህ ጣት አድቦልቡላችሁ ቀጭን ታደርጉታላችሁ፣ በሌላው እጃችሁ በጭንቅላታችሁ ጀርባ ዞራችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ (ቀዳዳው ቀጥ የሚለው ያኔ ነው)፣ ታስገቡትና እስኪነፋ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣታችሁ ትይዙታላችሁ። በትክክል ከገባ የራሳችሁ ድምፅ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ሲያስተጋባ ትሰሙታላችሁ። ባንዱ ሳይጀምር አድርጉት፣ ከጀመረ በኋላ ጨለማ ውስጥ እየተጋፉ ማስገባት አይመችም።

3. የት ትቆማላችሁ

መጀመሪያ ሳውንድማኑ ጋ። ሚክሰሩ ያለበት ቦታ አጠገብ ወይም ፊት ለፊቱ ቁሙ፣ ምክንያቱም ሰውየው ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ በሚሰማው ነው፣ እዛ ጋ ጊታሩም ቤዙም ድራሙም ተመጣጥኖ ታገኙታላችሁ። ስቴጁ ስር ከሄዳችሁ በተለይ ትንሽ አዳራሽ ከሆነ የምትሰሙት ፊታችሁ ላይ የተደቀነውን አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላውን ሳጥን) ነው፣ የግራው ጊታር ጋ ከቆማችሁ የቀኙን አትሰሙትም።

ሌላው ደሞ የቤዝ ነገር ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው)፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ የዛ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ 8 ሜትር ከምናምን ይረዝማል። እንደዛ የረዘመ ሞገድ ከግድግዳ እየተመለሰ ራሱን የሚያጠናክርበት ቦታ አለ፣ ራሱን የሚያጠፋበት ቦታም አለ። ስለዚ ቤዙ ጠፋባችሁ ወይ ደሞ ሁሉንም ዋጠባችሁ ማለት ባንዱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ሁለት ሦስት ሜትር ተንቀሳቀሱ፣ ሌላ ሙዚቃ ይሆናል። ጥግ ላይና ግድግዳ ስር ቤዝ ስለሚከማች እዛ አትቆዩ።

ሁለት ትራክ እንደዛ ከሰማችሁ በኋላ ግን ወደ ፊት ቅረቡ። እጃቸውንና እግራቸውን ማየት አለባችሁ፣ ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

4. መስማቱ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ረዘም ብሎ ይሄዳል።

ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን ሳናስበው የሰው ድምፅ ላይ ነው የሚሄደው፣ ሌላው ሁሉ ከኋላ አጃቢ ነው። ዘፋኝ ሲጠፋ ጆሮ ማን ጋ እንደሚሄድ አያውቅም፣ ሁሉም እኩል ይጮህበታል፣ ከዛ ይደክመውና ጫጫታ ነው ብሎ ይዘጋል። ስለዚ የመጀመሪያው ሥራችሁ ዘፋኙን የሚተካ ሰው መምረጥ ነው፣ እኔ የምላችሁ ድራመሩን ምረጡ። ጊታሩን አይደለም። ጊታሩ በዲስቶርሽን (ድምፁን ሆን ብሎ በሚያሻክረው ኢፌክት) ተሸፍኖ ግድግዳ ሲሆንባችሁ እንኳን ድራሙ ግልጽ ነው፣ በአይንም ይታያል፣ እጁ ሲነሳ ምቱ ሊመጣ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከድራሙም ስኔሩን ብቻ ያዙ፣ መሀል ላይ ያለችውን ጠጠር ያለ ድምፅ ያላትን ከበሮ። አንድ ሙሉ ትራክ እሷን ብቻ ተከተሉ። የት እንደምትበዛ፣ የት እንደምትጠፋ፣ ስትጠፋ ምን እንደሚመጣ እዩ፤ ትራኩ ስንት ክፍል እንዳለው በሷ ብቻ ይገባችኋል።

ከዛ ሪፉን ፈልጉ። ሪፍ ማለት እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ወይ የቤዝ ሐረግ ነው፣ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ የግጥሙን ቦታ የያዘው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ አታውቁትም፣ ሁለተኛ ሲመጣ የሆነ ቦታ የሰማሁት ነው ትላላችሁ፣ ሦስተኛ ላይ አፋችሁን ዘግታችሁ አብራችሁት አንጎራጉሩት። ይሄ ማንጎራጎር ቀልድ አይደለም፣ ያንጎራጎራችሁት ነገር ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፣ በኋላም ያስፈልጋችኋል። ማንም አይሰማችሁም፣ 100 ዲሲቤል ነው።

ቁጥሩ አልገጥም ካላችሁ ቁጠሩ። ጭንቅላታችሁን በ4 እየነቀነቃችሁ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ከባዱ ምት ላይ ሳትደርሱ ወይ አልፋችሁት ትገኛላችሁ፣ አይደል? እንግዲያው በ4 አይደለም የሚጫወቱት ማለት ነው። ከአንዱ ከባድ ምት እስከ ሚቀጥለው ዝቅ ባለ ድምፅ ቁጠሩ፦ አንድ ሁለት ሦስት አራት አምስት ስድስት ሰባት፣ ተመልሶ አንድ። 7 ሊሆን ይችላል፣ 5ም ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ 4 ተጫውተው አራተኛው ላይ 6 ያደርጉታል። ቁጥሩ አንዴ ከተያዘ ሰውነት ራሱ ይለምደዋል፣ ከዛ በኋላ መቁጠር አያስፈልግም። ካልተያዘም ግድ የለም፣ ወደ ስኔሯ ተመለሱ።

አሁን ወደ እግራቸው። ለምሳሌ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ብቻ ያላቸው ባንዶች እንዴት የአምስት ሰው ድምፅ እንደሚያወጡ የሚገባችሁ ከፊት ስትቆሙ ነው። ጊታሪስቱ ዲስቶርሽን የሌለበት ቀጭን ነገር ይጀምራል፣ አራት ዙር ይጫወተዋል፣ በጫማው ጫፍ ወለሉ ላይ ያለችውን አንዷን ፔዳል ይነካል፣ ከዛ እጁን ያነሳል፣ ድምፁ ግን ይቀጥላል። ሉፐር ነው፣ የተጫወተውን ቀድታ እየደጋገመች ነው። በዛ ላይ ሁለተኛ ሐረግ ይደርባል፣ ይሄንንም ይቀዳዋል። ድራመሩ እስካሁን ሲምባሉን ቀስ አድርጎ እያንሿሿ ነው የቆየው፣ ሉፐር ስለማይጠብቅ ከሷ ጋር ፍንክች ሳይል መሄድ ያለበት እሱ ነው፣ ትንሽ ቢፈጥን ሁሉም ይፈርሳል። ቀጥሎ ጊታሪስቱ ወደ ሌላኛዋ ፔዳል ይሄዳል፣ እግሩ ከፍ ሲል ካያችሁ ተዘጋጁ፣ ሲረግጣት ዲስቶርሽኑ ይከፈታል፣ ቤዙ ከስር ይገባል፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይወድቁባችኋል። ከቺካጎ የሆኑት ራሺያን ሰርክልስ በ2004 ከተመሠረቱ ጀምሮ ሦስት ሰው ሆነው በዚህ አይነት መንገድ የሚሠሩ ናቸው፣ ላይቭ ካገኛችኋቸው የጊታሪስቱን እግር ከማየት የበለጠ ትምህርት የለም።

ይሄ ከባድ ድምፅ ራሱ ከየት መጣ ለምትሉ፣ አንዱ ምንጩ አደጋ ነው። የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ ብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠው፣ ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ነበር። ከቀለጠ ፕላስቲክ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮችን መጠቀም ጀመረ፣ ቆይቶ ደሞ ክሮቹ እንዲላሉለት ጊታሩን ዝቅ አድርጎ መቃኘት ጀመረ፤ በ1971 የወጣው የባንዱ ሦስተኛ አልበም ላይ አንድ ተኩል ቶን (በኖታዎች መሀል ያለ ርቀት መለኪያ ነው) ዝቅ ብሏል። ዛሬ ሄቪ ባንዶች ዝቅ ብለው የሚቃኙት ከዛ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው፣ ሲ (C) ወደሚባለው ኖታ ሲወርድ 65 ይሆናል፣ ቤዙ ደሞ የዛ ግማሽ፣ 33 አካባቢ። የሰው ጆሮ ከ20 በታች አይሰማም፣ ስለዚ ደረታችሁ ላይና ሱሪያችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር እውነተኛ ነው፣ ጆሯችሁ መስማት ከሚችለው የመጨረሻ ጫፍ አጠገብ ነው ያላችሁት።

ስለ ዝምታም ልንገራችሁ። እነዚህ ባንዶች ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ጸጥ ይላሉ፣ አንድ ክር ብቻ እየተነካ አንድ ደቂቃ ይቆያል። አላለቀም! እባካችሁ እዛ ጋ አታጨብጭቡ፣ አታውሩ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ትልቅ ድምፅ ትልቅ የሚሆነው ከዛ ጸጥታ ተነስቶ ነው፣ ጸጥታው ከተበላሸ እሱም ይበላሻል። ማለቁን የምታውቁት እንዴት ነው፦ ድራመሩ እጁን ጭኑ ላይ ሲያሳርፍ ወይም ሲምባሉን በእጁ ይዞ ድምፁን ሲያፍን ነው። ትራኮቹ ረጃጅም ናቸው፣ 8 ወይም 10 ደቂቃ የተለመደ ነው፤ የሞንትሪያሎቹ ጎድስፒድ ዩ ብላክ ኤምፐረር 20 ደቂቃ የሚደርስ ሥራ ይጫወታሉ፣ ከኋላቸው በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ፕሮጀክተር ምስል እያሳዩ፣ እነሱ ደሞ ቁጭ ብለው። እዛ ላይ መቸኮል ዋጋ የለውም።

ቃል ስለሌለው ምንም አይልም የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሊንክ ሬይ የሚባል አሜሪካዊ ጊታሪስት በ1958 ያወጣውን አንድም ቃል የሌለበት ትራክ ወጣቶችን ለጠብ ያነሳሳል ብለው አናጫውትም ያሉ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ያንን ሻካራ ድምፅ ለማግኘት የአምፑን ስፒከር በእርሳስ በሳስቶት ነበር። ምንም የማይል ነገር ቢሆን ማን ይፈራዋል?

ሀሳባችሁ ከሄደ ደሞ አትጨነቁ፣ ሲሄድ ሰው ቀይሩ። ድራመሩን ትታችሁ ቤዚስቱን ያዙ፣ ቤዝ ከስር ምን እንደሚያደርግ ብዙ ሰው አይሰማውም፣ አንዳንዴ ጊታሩ አንድ ቦታ ቆሞ ዜማውን የሚያንቀሳቅሰው ቤዙ ነው። ሦስት ትራክ ስጧቸው። ከሦስት በኋላ ምንም ካልነካችሁ አልተመቻችሁም ማለት ነው፣ ውጡና አየር ውሰዱ፣ ጆሯችሁም ያርፋል።

5. ስሙን መያዝ፣ እዛው እያላችሁ

ሻዛም (ዘፈን ሰምቶ ስሙን የሚነግራችሁን አፕ) አውጥታችሁ ወደ ስቴጁ አትዘርጉ። ሻዛም የሚሠራው የተቀዳውን ሪኮርድ የድምፅ አሻራ ዳታቤዝ ውስጥ ካለው ጋር እያስተያየ ነው፣ ላይቭ ሲጫወቱ ፍጥነቱም ድምፁም ከሪኮርዱ ይለያል፣ ስለዚ አብዛኛውን ጊዜ አያገኘውም። ጎግል ከ2020 ጀምሮ በማንጎራጎር መፈለግ አለው፣ ዜማ ላለው ዘፈን ጥሩ ነው፣ በሁለት ኖታ ለሚሽከረከር ሪፍ ግን ብዙ ተስፋ አታድርጉ።

የሚሠራው ይሄ ነው። በመጀመሪያ የድራሙን ፊት እዩ፣ ትልቁ ከበሮ ላይ ስማቸው ሊኖር ይችላል፣ ከሌለ ከኋላቸው የተሰቀለ ጨርቅ። የለም? ቅድም የጻፋችሁትን ቅደም ተከተል እዩ፣ ከዛ ሳውንድማኑን በሁለት ትራክ መሀል (በመሀል ብቻ!) ጠይቁት፣ ወረቀቱ ላይ አለው። ስሙን ካገኛችሁ በኋላ ደሞ ወዲያው ሰርች አድርጋችሁ ገጻቸውን ፎሎው አድርጉ፣ ነገ አደርገዋለሁ አትበሉ። የዚህ ዘውግ ስሞች ለመፈለግ አስቸጋሪ ናቸው፣ ፔሊካን ብላችሁ ብትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ወፍ ነው፣ ኧርዝ ብትሉ ፕላኔቷ፣ ሞኖ ብትሉ ደሞ በ1999 ቶኪዮ ላይ የተመሠረተው ባንድ ብቻ ሳይሆን በዛው ስም የሚጠራ የእንግሊዝ ባንድም አለ። ከስሙ አጠገብ ባንድ የሚለውን ቃልና የመጡበትን ከተማ ጨምሩ።

የወደዳችሁትን ትራክ ለመያዝ ግማሽ ደቂቃ ድምፅ ቅዱ፣ ቪዲዮ አያስፈልግም። ሁሉም ሰው የሚቀዳው ጣሪያው ሲነሳ ነው፣ እዛ ጋ የስልክ ማይክ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ስለሚፈነዳ ቤት ስትሰሙት ፍሽሽሽ ብቻ ነው። ከመፈንዳቱ በፊት ወይም ቀጭኑ ጊታር ብቻውን ሲሆን ቅዱ፣ ሪፉ የሚለየው እዛ ነው፣ ስልኩንም ከፍ አድርጋችሁ የሰው አይን አትጋርዱ፣ ደረታችሁ ጋ ይበቃዋል። ከዛ አንድ መስመር ጻፉ፣ በራሳችሁ ቋንቋ፦ "ሁለተኛው። ዘገምተኛ። በ7 የሚቆጠር። መጨረሻ ላይ ጊታሩ ቆሞ ቤዝና ድራም ብቻ ቀሩ።" ይሄ አንድ መስመር በኋላ አልበሙን ስታገላብጡ ከቅጂው የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ሲጨርሱ ፔዳሎቹ አጠገብ ወለሉ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት አለች፣ ሴትሊስቱ፣ የተጫወቱት ትራክ በቅደም ተከተል የተጻፈባት። መንጠቅ የለም፣ ዕቃ የሚያነሳውን ሰው ጠይቁት፣ ካልሰጣችሁም ፎቶ አንሷት። ግን እዛ ላይ የምታነቡት የትራኩ ትክክለኛ ስም ላይሆን ይችላል፣ ባንዶች እርስ በእርስ የሚግባቡበትን ቅጽል ወይ የቅኝቱን ስም ነው የሚጽፉት። ከዌስት ቨርጂኒያ የነበሩት ካርማ ቱ በርን የሚባሉት ደሞ ጭራሽ አብዛኛውን ትራካቸውን በቁጥር ነው የሰየሙት፣ ቃል ከሌለው ስም ለምን ያስፈልገዋል አይነት ነገር። የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1997 ሲያወጡ ዘፋኝ ጨምሩ ተብለው ጨምረው ነበር፣ ቀጣዩ ላይ ዘፋኙን አስወጥተው በመሣሪያ ብቻ ቀጠሉ፣ ጥሩም አደረጉ።

6. የመርች ጠረጴዛ

መርች ማለት ባንዱ የሚሸጠው ቲሸርት፣ ሸክላና የመሳሰለው ነው። መክፈቻ ባንድ ከሆነ የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው። ወዲያው አትሩጡ፣ መጀመሪያ ዕቃቸውን ማንሳት አለባቸው፣ ሩብ ሰዓት ስጧቸው። ከዛ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያቺ የወደዳችኋት ትራክ የት አልበም ላይ እንዳለች (ያንጎራጎራችሁትን እዛው አንጎራጉሩላቸው፣ ደስ ይላቸዋል፣ ወዲያው ያውቁታል)፣ ለጀማሪ የትኛውን አልበም እንደሚመክሩ፣ እና ከማን ጋር ቱር እንደሚሄዱ። ብዙ አታቆዩዋቸው፣ ከኋላችሁ ሰው አለ።

ከቻላችሁ የሆነ ነገር ግዙ። ዘፋኝ የሌለው ሙዚቃ ሬዲዮ ላይ ብዙም አይጫወትም፣ ከስትሪሚንግ የሚደርሳቸው በጣም ትንሽ ነው፣ ለቀጣዩ ከተማ ነዳጅ የሚሆናቸው ያ ጠረጴዛ ነው። ሸክላ ከሆነ ውስጡ የዳውንሎድ ኮድ ይኑር አይኑር ጠይቁ። በእጃችሁ ምንም ከሌለ በኋላ ባንድካምፕ (ባንዶች ሙዚቃቸውን የሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ግዙ፣ ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ነው የሚወስደው፣ ከ2020 ጀምሮ ደሞ የራሱን ድርሻ ለባንዶቹ የሚተውባቸው አርቦች አሉ።

7. ቤት

በዛው ሌሊት በሄድፎን አትስሙ፣ ጆሮ ደክሟል። በማግስቱም ጭው የሚል ነገር ካልተዋችሁ ቀኑን በጸጥታ አሳልፉ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከቆየ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስትሰሙ በላፕቶፕ ስፒከር አይሆንም፣ ትናንሽ ስፒከሮች ዝቅ ያለውን ድምፅ ማውጣት አይችሉም፣ ቅድም ያልነው 41ም 65ም ኸርዝ እዛ ላይ የለም ማለት ነው፣ የሚደርሳችሁ የላይኛው ጭረት ብቻ ነው። ሄድፎን አድርጉ። ቢሆንም ከላይቩ ያነሰ ይመስላችኋል፣ ሁሌም እንደዛ ነው፣ ስለዚ በመጀመሪያው ቀን አትፍረዱ። መጀመሪያ ያቺን ትራክ ብቻ ፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ አዲሱ አልበም ላይ ናት ምክንያቱም ቱር የሚወጡት ለሱ ነው። የጻፋችሁትን መስመር ይዛችሁ ርዝመታቸውን እያያችሁ ሂዱ። ካገኛችኋት በኋላ አልበሙን ከአንድ እስከ መጨረሻ በቅደም ተከተሉ ስሙት፣ ሸፍል አጥፉ፣ እነዚህ ባንዶች አልበሙን እንደ አንድ ሥራ ነው የሚያስቀምጡት፣ አንዱ ትራክ ወደ ሌላው የሚፈስበት ቦታ አለ። ላይቭ ላይ ያልሰማችሁትም ይወጣል፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጊታሩን አራት አምስት ጊዜ ደርበው ስለሚቀዱ።

8. ከዛ ወዴት

የወደዳችሁት ምኑን እንደሆነ ለዩ፣ መንገዱ በዛ ነው የሚለያየው። የጊታሩን ክብደትና ሪፉን ከሆነ ፔሊካን። ጸጥታውንና ፍንዳታውን ከሆነ ሞኖና የግላስጎዎቹ ሞግዋይ (ሞግዋይ አልፎ አልፎ ድምፅ ይጠቀማሉ)። ረጅም የጊታር ሶሎ ሳይቆም እንዲሄድላችሁ ከፈለጋችሁ የሳንዲያጎዎቹ ኧርዝለስ። ቁጥሩን የወደዳችሁ፣ የጣት ፍጥነት የሚገርማችሁ አኒማልስ አዝ ሊደርስ፣ ቶሲን አባሲ የሚጫወትበት ጊታር 8 ክር ነው። ዝግታውን የወደዳችሁ ግን ወደ ኧርዝ ሂዱ፣ በ1993 ያወጡት አልበም 3 ትራክ ብቻ ሆኖ ከ70 ደቂቃ ያልፋል፣ ድራም የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከእሱ ባትጀምሩ ይሻላል፣ መጨረሻ ላይ ድረሱበት።

ከባንድ ወደ ባንድ ለመሄድ ሁለት ክር አለ። አንዱ ሌብል (አልበሙን የሚያሳትመው ድርጅት) ነው፦ ቴምፖራሪ ሬዚደንስ ስር ሞኖንም ኤክስፕሎዥንስ ኢን ዘ ስካይንም ታገኛላችሁ፣ ሳርጀንት ሃውስ ስር ራሺያን ሰርክልስን፣ ሳውዘርን ሎርድ ስር ኧርዝን። ሁለተኛው የቀዳው ሰው ነው፣ ሸክላው ጀርባ ላይ ስሙ አለ። ስቲቭ አልቢኒ በ2024 እስኪሞት ድረስ ሞኖንም ጎድስፒድንም ቀድቷል፣ ከርት ባሉ ደሞ የራሺያን ሰርክልስን የቅርብ ጊዜ አልበሞች፤ ድራሙ እንዴት እንደሚመታችሁ ከወደዳችሁ ብዙ ጊዜ የወደዳችሁት የቀዳውን ሰው ጆሮ ጭምር ነው።

ብዙ ባንድ በአንዴ ለማግኘት ፌስቲቫል አለ፦ ሆላንድ ቲልበርግ ውስጥ ሮድበርን፣ እንግሊዝ አገር ከ2013 ጀምሮ አርክታንጀንት፣ ቤልጂየም ውስጥ ደንክ። እዛ ከሄዳችሁ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች አትሙሉት። በየሁለት ባንዱ መሀል ወጥታችሁ ኢርፕላጉን አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ዝም ያለ ቦታ ተቀመጡ፣ ለማታውቁት ባንድ የምትሰጡት ሰዓት ደሞ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ አካባቢ ይሁን፣ ጆሮ ሳይደክም፣ ሰውም ሳይበዛ፣ ሳውንድማኑ ጋ ቦታ ሳይጠፋ።